ጤፉ ደረሰ፣ አንጮቴው ቀረ

ከሲሬ ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚገባ ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ይገባል። አየር መንገዱ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነውና ሚዛኑ ሲያልፍ የሚቀነሰው የተጓዡ ልብስ ነው፤ በርበሬውን የሚነካ የለም። ከጓሮ የተቆፈረ የአንጮቴ ሥር ግን በዚያ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የለውም። ምጣድ ላይ የተጋገረ ጩምቦም እንደዚሁ። እናትየው ልጇ ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቀው እነዚህን እንደሆነ እያወቀች ሻንጣው ያለ እነሱ ይዘጋል።

የኢትዮጵያ ምግብ ባሕር ማዶ የመድረሱ ነገር ባለፉት ዐርባና ሃምሳ ዓመታት ከሞላ ጎደል መላ የተገኘለት ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ እንጀራ ከሠፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይነሣል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፌርፋክስ ጎዳና አንዱ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይጠራል። ይህን ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ነገር ግን ባኮን አለፍ ብላ በነቀምቴ መንገድ ላይ ከምትገኘው የወለጋዋ ሲሬ ለሄደ ሰው ጉዳዩ የተፈታው በግማሽ ነው። እንጀራውን አግኝቷል፤ የቤቱን ምግብ አላገኘም። ለምን ቢባል የተለመደው መልስ ርቀትና የጉምሩክ ሕግ ነው። እኔ ግን ምክንያቱ ከዚያ በፊት፣ እዚሁ አገር ቤት የሚጀምር ይመስለኛል። ውጭ አገር የደረሰው የሚሸጠው ምግብ ነው። ቤት ውስጥ የሚሰጥ እንጂ የማይሸጠው ቀርቷል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ውጭ አገር ጤፍ ወዳልነበረበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱት፣ በተለይም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች ወዲህ በብዛት የገቡት፣ እንጀራቸውን ከተገኘው ነገር ሁሉ ጋግረዋል። ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት በሶዳ ውሃ ይበጠበጥና ሊጥ በማይዝ መጥበሻ ላይ ይፈስሳል። ዓይን ያወጣል፤ ይለሰልሳል፤ ከወጥ ጋር ይበላል። እንጀራነቱ ግን እስከ አፍ ብቻ ነው። ሌላው ሩዝ ቀላቀለ፣ ሌላው ማሽላ፣ ሌላው ገብስ። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለዚያ እንጀራ ሲያወሩ የሚስቁት ጠግበው ካደሩ በኋላ ስለሆነ ነው እንጂ ያኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

ምግብ ቤቶቹ የተበራከቱት በዚያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያው በየነ ጉልላት እ.ኤ.አ. በ1966 ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ የከፈቱት እንደሆነ ይታወቃል፤ ዘመኑ አልነበረምና ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዋሽንግተን ውስጥ «ማማ ደስታ» ከተከፈተ በኋላ ግን መንገዱ ተጠረገ። ምን ይቅረብ የሚለውን የወሰኑት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ናቸው። ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ፣ የጾም በያይነቱ፣ ጠጅ፣ መጨረሻ ላይ ቡና። ያ ዝርዝር የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ዝርዝር ነበር። ዛሬም ፍራንክፈርት ይሁን ሜልበርን፣ ባለቤቱ ጎንደሬ ይሁን ወለጌ፣ ዝርዝሩ ያው ነው። ፈረንጁ ደንበኛ «የኢትዮጵያ ምግብ» ብሎ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ከዚያ ፈቀቅ ማለት ኪሳራን መጋበዝ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ክትፎ ትንሽ ማሰብ ይጠቅማል። ክትፎ የጉራጌ ምግብ ነው፤ አብሮት የሚቀርበው ቆጮም ከእንሰት የሚገኝ የዚያው አገር ምግብ። ዋሽንግተን የደረሰው ግን ከጉራጌ ቀጥታ ተነሥቶ አይደለም። በመጀመሪያ የጉራጌ ነጋዴዎች አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ ቤት ከፈቱ፤ ከተሜው ለመደው፤ ከተሜው ሲሰደድ ይዞት ሄደ። ጨጨብሳም እንዲሁ ነው። የኦሮሞ ቤት ቁርስ የነበረው ጨጨብሳ የአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች ውስጥ ከእንቁላል ፍርፍር ጎን መሸጥ ከጀመረ በኋላ ባሕር ተሻግሯል። ስለዚህ «የወለጋ ምግብ ውጭ አገር አልደረሰም» የሚለው አባባል ሙሉ እውነት አይደለም። አንዱ ደርሷል። የደረሰውም ሻጭ ያገኘው ነው።

የጤፍ ታሪክ ደግሞ ገበያ ያለው ነገር ምን ያህል መሰናክል ማለፍ እንደሚችል ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው አሜሪካዊው ዌይን ካርልሰን ወደ አይዳሆ ተመልሶ በስኔክ ወንዝ አካባቢ ጤፍ ዘራ። በ1980ዎቹ ምርቱን «መስቀል» በሚል ስም ለሐበሻው መሸጥ ጀመረ። ከአንድ የስንዴ ፍሬ ክብደት ጋር ለመስተካከል 150 ገደማ ፍሬ የሚያስፈልገው ያ ደቃቅ እህል፣ ከተወለደበት ምድር ውጭ ገበሬ አገኘ ማለት ነው። ይህ የሆነው ጤፍ ሻጭም ገዢም ስለነበረው ብቻ ነው።

አገር ቤት በአንጻሩ በር ተዘጋ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ምክንያቱ የአገር ውስጥ ዋጋ ንረት ነበር። ይሁንና የተከለከለው እህሉ እንጂ እንጀራው አልነበረም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ጋጋሪዎች እንጀራውን ሠርተው በአውሮፕላን መላክ ጀመሩ። ማማ ፍሬሽን የመሳሰሉ ድርጅቶች እንጀራ እያሸጉ ወደ አሜሪካና ወደ ስካንዲኔቪያ ልከዋል። ሌሊት የተጋገረ እንጀራ በማግስቱ ዋሽንግተን ራት ላይ ይቀርባል። ገበያው ሕጉን አልጣሰም፤ ዞሮት አለፈ። ኋላ መንግሥት ራሱ ለውጭ ገበያ ብለው ለሚያመርቱ ሰፋፊ እርሻዎች በሩን ከፈት አደረገ።

በዚህ መሐል አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ተቋም ጋር ስምምነት ተፈራርሞ፣ በ2007 ደግሞ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ዞሮ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ የሻረው በ2018 መጨረሻ ነው። ሰው ሁሉ በዚህ ጉዳይ ስለ ስርቆት ያወራል፤ ልክም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ገጽታው ነው። ማንም በአንጮቴ ላይ የባለቤትነት መብት ልውሰድ ብሎ የተነሣ አልሰማሁም። ለመሰረቅም ቢሆን በመጀመሪያ መሸጥ ያስፈልጋል።

ምጣዱም የራሱ ታሪክ አለው፤ ለወለጋ ሰው ደግሞ ቀረብ ያለ። ሚኒያፖሊስ ያለችበት ሚኒሶታ በአሜሪካ ትልቁ የኦሮሞ ማኅበረሰብ የሚኖርበት ግዛት ነው፤ ከወለጋ የሄዱ ብዙዎች እዚያ አሉ። ግዛቱ ከእነሱ በፊት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖርዌይና የስዊድን ስደተኞች የሰፈሩበት ነው። ኖርዌያውያኑ ሌፍሴ የሚባል ከድንች የሚሠራ ስስ ቂጣ አላቸው፤ ለዚህም ሰፊና ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አሠርተዋል። ወርዱ ዐርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሐበሻው ይህን ምጣድ ያየ ቀን ለእንጀራ የተሠራ ነው ብሎ ገዛው። «ሄሪቴጅ ግሪል» የተባለው የአዮዋ ምጣድ ዛሬ በብዙ የኢትዮጵያውያን ማእድ ቤት ይገኛል። የአንዱ ስደተኛ ናፍቆት የሌላውን ናፍቆት ጋገረለት። ከመቶ ዓመት በላይ በወለጋ ከስካንዲኔቪያ የመጡ የሉተራን ሚስዮናውያንን ያስተናገደ ሕዝብ፣ ልጆቹ የሚስዮናውያኑን ዘመዶች ምጣድ መውረሳቸው ብዙም ላይገርመው ይችላል።

አሁን ወደ ቀረው ምግብ። አንጮቴ የዱባ ዘመድ ነው፤ ሐረጉ አጥር ላይ ይሳባል፣ የሚበላው ግን ከሥር ያለው ድብልብል ሥሩ ነው። ሳይላጥ ይቀቀላል፤ ከዚያ ተልጦ ይደቅቅና በቅመም ቅቤ ይታሻል፤ ወይም ተቆራርጦ በወጥ መልክ ይቀርባል። በወለጋ መስቀል ያለ አንጮቴ አይታሰብም። አጥንቱ ለተሰበረ ሰውና ለወላድ የሚሰጥ ነው፤ የካልሲየም ይዞታው ከሌሎች ሥራሥሮች ከፍ ያለ መሆኑን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋልና ልማዱ ያለ ምክንያት አልቆመም። ጩምቦ ከጤፍ ዱቄት ወፍራም ሆኖ ተጋግሮ በተነጠረ ቅቤ የሚርስ ነው፤ ለክቡር እንግዳና ለትልቅ በዓል ይቀርባል። ቆሪ በቅቤ የታሸ የገብስ ቆሎ ነው። ቡና ቀላ ደግሞ ቡናው ሳይፈለፈል በቅቤ ተጠብሶ ሽማግሌዎች ምርቃት የሚያወርዱበት ነው።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ዋጋ የሌላቸው መሆኑ ነው። በርካሽነት አይደለም፤ ቅቤው ብቻ ብዙ ያስወጣል። ዋጋ የሌላቸው ሰው ቤት ሲቀርቡ ሂሳብ ስለማይጠየቅባቸው ነው። አራስ ቤት አንጮቴ ይዞ የሚሄድ ሰው ሂሳብ አይጠይቅም፤ ቆሪ ቀርቦለት ኪሱን የሚዳብስ እንግዳም የለም። ሲሬም ሆነ ነቀምቴ ከተማ ምግብ ቤት የገባ መንገደኛ የሚያዘው በአብዛኛው ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፍርፍር ነው። አንጮቴ የሚበላው ሰው ቤት ነው። ነቀምቴ ሆቴል ውስጥ በየቀኑ የማይገኝ ምግብ እንዴት ሚኒያፖሊስ ውስጥ ይገኝ?

ሕጉ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንገደኛ ይዞት የሚገባ ትኩስ ተክል ሁሉ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያዛል፤ ነፃ የወጡት አናናስ፣ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ቴምርና ዱርያን ብቻ ናቸው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከነጭራሹ አይገባም። ስለዚህ ቋንጣውም፣ የተነጠረው ቅቤም ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ የሚጣል ነው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ጀርመን ያለው የወለጋ ልጅ ማሩን ያገኛል፤ ጩምቦውን ጩምቦ የሚያደርገውን ቅቤ ግን ከጀርመን ላም ቅቤ ራሱ ማንጠር አለበት። ኮረሪማና ኮሰረት ጣል ቢያደርግበት ይቀርባል፤ አይደርስም።

ሕግ ብቻውን መልስ እንደማይሆን የሚያሳየው ኑግ ነው። ወለጋ የኑግ አገር ናት፤ ዘይቱ የወለጋ ወጥ መዓዛ ነው። ይህ ኑግ አሜሪካ በቶን ይገባል። የሚገባው ግን ለወፍ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጥገኛ አረም አብሮ እንዳይገባ እህሉ በሙቀት እንዲታከም ያስገድዳል፤ ነጋዴዎቹም ያንን ወጪ ችለው ያስገባሉ። ሚኒሶታ ውስጥ በረንዳ ላይ በተንጠለጠለ ቱቦ ውስጥ ያለውን ጥቁር ፍሬ ጎልድፊንች የምትባል ቢጫ ወፍ ስትለቅመው፣ በመስኮት የሚያይ የወለጋ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ቡናም እንዲሁ ነው። የዓለም ገበያ የወለጋን ቡና በድሮው የነቀምቴ አጠራር «ለቀምት» ብሎ ያውቀዋል፤ የአሜሪካ ቡና ቆዪዎች በዚያው ስም ይሸጡታል። ገዢ ያለው ነገር ጥብቁን ሕግ ተሻግሮ ወፍ አፍ ድረስ ይደርሳል።

የገበያው ነገር ግን ለሁሉም ስደተኛ እኩል አይሠራም። እስካሁን ያወራሁት ሱቅ መሄድ ስለሚችል ሰው ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ጉዳይዋ ሌላ ነው። ቤይሩት ዳውራ ሠፈር ውስጥ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ እሑድ እሑድ የኢትዮጵያውያን መገናኛ ነው። ነገር ግን የካፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋን ቪዛ ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስር፣ የዕረፍት ቀን ያላት ትሄዳለች፤ የሌላት ደግሞ ሱቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለ ለዓመታት አታየውም። ፓስፖርቷ አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ለተቆለፈባት ሴት የጤፍ ዋጋ የኋላ ጥያቄ ነው።

አገር ቤትም መንገዱ ሁሌ ክፍት አልነበረም። በወለጋ የጸጥታው ችግር ከተባባሰ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የሚያስተማምን አልሆነም፤ በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በብዙ የወለጋ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ይህ ከምግብ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ ውጭ ያለ ሰው የቤቱን ምግብ የሚማረው በስልክ መሆኑን ዘንግቷል። «እማዬ፣ ቅቤው ላይ ኮረሪማውን መቼ ነው የምጨምረው?» የሚል ጥያቄ መልስ የሚያገኘው መስመር ሲኖር ነው። የተጻፈ ነገር የለማ።

ስለ መጻፍ ካነሣሁ፣ ወለጋ በዚህ ረገድ የሚያኮራ ታሪክ አላት። ከባርነት ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆች ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተሰብስበው በነበረበት ዘመን፣ ከአገራቸው ምንም ነገር የሚልክላቸው አልነበረም። ከእነሱ አንዷ የነበረችው አስቴር ጋኖ የሠራችው ሥራ ግን እስከ ዛሬ አለ። የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽ በመቶዎች ሰበሰበች፤ ከፊሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር በተዘጋጀው፣ በግዕዝ ፊደል በታተመው የ1894 (እ.ኤ.አ.) የኦሮምኛ መማሪያ ውስጥ ወጣ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ቤት አጥተው በነበሩበት ወቅት የቤታቸውን ቃል ጽፈው ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ የሚኒያፖሊስ ልጆች እንዲያበስሉበት የወለጋን ማእድ ቤት በዚያ ትጋት የጻፈ ግን አላየሁም። እንግሊዝኛው የኢትዮጵያ የምግብ አሠራር መጽሐፍ በአብዛኛው የሚያተኩረው እንደ በርበሬና ዶሮ ወጥ ባሉት ላይ ነው። የማይሸጥ ነገር ድንበር የሚሻገርበት ሌላው መንገድ መጻፍ ነበር፤ እሱንም ቸል ብለነዋል። ከወለጋ ወላጆች ሚኒሶታ ውስጥ የተወለደ ልጅ እንጀራን ያውቃል፤ አንጮቴ ግን ለእሱ እናቱ በመስቀል ሰሞን የምታነሣው ስም ብቻ ነው።

አንጮቴን ሚኒሶታ ማየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ዓይኑን ከአየር ማረፊያው አንሥቶ ነቀምቴ ላይ ቢያሳርፍ ይሻለዋል። አንድ ሆቴል በየሳምንቱ ከገዛ፣ ጓሮ ላይ ሁለት ሦስት ሐረግ የነበራት ሴት ለገበያ ትተክላለች። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለት ምግብ ቤት እንደ ክትፎው ካስለመደው፣ ቀጥሎ ባልትና ሱቆቹ ይመጣሉ፤ ሽሮና በሶ አሽገው ለውጭ ተጓዥ መሸጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሥሩ ተቆራርጦ ሊደርቅ፣ ዱቄት ሊሆን እንደሚችል የምግብ ሳይንስ ሰዎች አጥንተውታል። ዱቄት ደግሞ ሻንጣ ይገባል። የመጀመሪያው የአንጮቴ ዱቄት ሚኒያፖሊስ የሚደርሰው በኮንቴይነር አይመስለኝም፤ ሽሮው እንደሄደው፣ ከልብስ ሥር ተደብቆ ነው የሚሆነው።

ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው፤ ጤፍ ያሳየንም እሱን ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 በሩን የዘጋው በአንድ በኩል የሚልክ ነጋዴ፣ በሌላ በኩል እንጀራ የሚወደድበት ቤተሰብ ስለነበረ ነው። አንጮቴ ዋጋ ሲወጣለት አራስ ቤት በነፃ ይዞ መሄድ ይቀንሳል፤ ትልልቁ ሥር ለሻጭ፣ ደቃቃው ለቤት ይቀራል። ጓሮው እስካሁን በሴቶች እጅ ያለውም ገንዘብ ስለማያስገኝ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ማስገኘት ሲጀምር ማን እንደሚይዘው ማንም ያውቃል። ጉዳዩ ለሲሬ እናቶች ቢቀርብ አንድ ዓይነት መልስ የሚገኝ አይመስለኝም። ውጭ አገር ልጅ ያላት ይሸጥ ትላለች። የሌላት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠይቀው ኪሎው ስንት ሊሆን ነው ብላ ነው።